ለቤተክርስቲያን ባንድ የሚሆን ሳውንድና ሞኒተር፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ለቤተክርስቲያን ባንድ ስለሚሆን ሳውንድ፣ በተለይም መድረክ ላይ ስለሚቀመጠው ሞኒተር (ዘማሪዎቹና ተጫዋቾቹ ራሳቸውን የሚሰሙበት ስፒከር) የመጣላችሁን ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን አዳራሹ ስንት ሰው እንደሚይዝና መድረክ ላይ ምን መሣሪያ እንዳለ ጨምሩልኝ። «የትኛው ስፒከር ይሻላል?» ብቻ ካላችሁኝ መልሴም «እንደ አዳራሹ ነው» ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። አዳራሻችን 200 ሰው ይይዛል። አምስት ዘማሪ፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ሊድ ጊታርና ድራም አለን። ለሁለት ሞኒተር የሚሆን ገንዘብ አሰባስበናል። 1000 ዋት የሚለው ይበቃል ወይስ 2000 ዋት እንግዛ?

መልስ፦ ዋቱን ለጊዜው እርሳው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ያለማቋረጥ የሚችለው ከዚያ ያነሰ ነው። ደግሞ ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው። ጆሮህ «አሁን እጥፍ ሆነ» እንዲል 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ በ1000 እና በ2000 መካከል ያለው ልዩነት ዋጋው ላይ እንጂ ጆሮህ ላይ ብዙም አይታወቅም።

ይልቅ የሚያወጣውን ከፍተኛ ድምፅ በዴሲቤል፣ የሚበትንበትንም አንግል ተመልከት። ለዘማሪ ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች አክቲቭ (አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ) ሞኒተር ይበቃል። ባለ 15 ኢንች ዘማሪ ፊት ማስቀመጥ ትርፉ መድረኩን በቤዝ መሙላት ነው። ቤዙ እዚያ አይቀርም፤ ወደ አዳራሹ ወርዶ የመዝሙሩን ቃል ያደፈርሰዋል። አንዱን ሞኒተር ለሦስቱ ዘማሪዎች፣ ሌላውን ለሁለቱና ለኪቦርዱ አድርጉት። ድራመሩ ሄድፎን ያድርግ። እሱ ሞኒተር ከጠየቀ ሁለቱም አይበቋችሁም።

ጥያቄ፦ ሞኒተሩን ትንሽ ከፍ ስናደርገው ማይኩ ይጮሃል። ኢኳላይዘር እንግዛ?

መልስ፦ ቆይ፣ ገና ነው። ኢኳላይዘር ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለይቶ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ነው፤ እሱ በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ሞኒተሩ የት እንደተቀመጠ እይ።

አብዛኛው የዘማሪ ማይክ ከፊት ያለውን እንዲሰማ፣ ከኋላ ያለውን እንዳይሰማ ተደርጎ ይሠራል። የማይሰማበት አቅጣጫ ግን ከማይክ ማይክ ይለያያል። እንደ ሹር ኤስ ኤም 58 ያለ ካርዲዮይድ ማይክ የማይሰማው ቀጥታ ከጀርባው ነው፤ ኬብሉ በሚወጣበት በኩል ማለት ነው። ለእሱ ሞኒተሩ ቀጥታ ከማይኩ ጀርባ ይቀመጣል። ቤታ 58 ግን ሱፐርካርዲዮይድ ነው። ቀጥታ ከጀርባው የሚመጣውን ትንሽ ይሰማል። እሱ የሚደነቁረው ከፊቱ ተነስተህ ወደ 125 ዲግሪ ገደማ ስትዞር ነው። ስለዚህ ሞኒተሩን ከመሃል ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አሽሸው። ብዙ ሰው ውድ ማይክ ገዝቶ ሞኒተሩን ግን በድሮው ቦታ ይተወዋል። ከዚያ «አዲሱ ማይክ ይብሳል» ይላል።

ሁለተኛው የእጅ ነገር ነው። ማይኩ ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚያጠፋው ከጀርባው ባሉት ክፍተቶች በሚገባው ድምፅ ነው። ዘማሪው ወንፊቱን በእጁ ሲጨብጥ እነዚያ ይደፈናሉ። ያኔ ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል። መያዣው እያለ ጭንቅላቱን ምን አስያዘው?

ሦስተኛ፣ የማይዘምር ሰው ማይክ ይዘጋ። የተከፈቱት ማይኮች እጥፍ በሆኑ ቁጥር፣ ሳይጮህ ልታገኘው የምትችለው ድምፅ በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከሁለት ማይክ ወደ ስምንት ስትሄድ 6 ዴሲቤል አጣህ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከጮኸ ወደ ኢኳላይዘር እንሂድ። በየዘማሪው ቻናል ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራም ድምፅ ቁረጥ። ከዚያ ሞኒተሩን ቀስ እያልክ ከፍ አድርገው። መጀመሪያ ማፏጨት የጀመረውን ድምፅ ለይተህ በጠባቡ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል አውርደው። ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ እንዲህ ካደረግህ አቁም። ከዚያ በላይ ስትቆርጥ የዘማሪውን ድምፅ ራሱን ነው የምትቆርጠው። እሱም አልሰማም ብሎ እንደገና ያስጨምርሃል።

ጥያቄ፦ እኔ ዘማሪ ነኝ። ራሴን ስለማልሰማ ሁልጊዜ «ጨምሩልኝ» እላለሁ፤ ሳውንድ ማኑ ተሰላችቶብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ በሚቀጥለው ልምምድ «ጨምርልኝ» ከማለት «ድራሙንና ቤዙን አውጣልኝ» በይው። እነሱን ያለ ሞኒተርም ትሰሚያቸዋለሽ። ሞኒተርሽ ውስጥ የራስሽ ድምፅ፣ ቃናውን የምትይዢበት ኪቦርድ፣ የመሪው ድምፅም በትንሹ ይበቃሉ። ማይኩንም ወደ አፍሽ አስጠጊው። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሺ ማይኩ ጋ የሚደርሰው ድምፅሽ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ያውም በነፃ።

ጥያቄ፦ ሳውንድ ማኑ አዳራሹ ላይ የኔን ድምፅ ሲቀንስ ከሞኒተሬም ይጠፋል። ለምን?

መልስ፦ ኦክሱ (ከሚክሰሩ ወደ ሞኒተር ድምፅ የሚልከው መስመር) ፖስት ፌደር ላይ ነው፤ ድምፁን የሚወስደው ከፌደሩ፣ ማለትም ለአዳራሹ ድምፅ ከሚጨመርበትና ከሚቀነስበት ማንሸራተቻ በኋላ ነው። ፕሪ ፌደር፣ ማለትም ከማንሸራተቻው በፊት ያድርገው። ሞኒተር ፕሪ፣ እንደ ሪቨርብ (ማስተጋባት) ያለ ኢፌክት ፖስት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ወጣቶቹ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ሞኒተር ይገዛልን ይላሉ። ይህ ቅንጦት አይደለም?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ግን ወለል ላይ ያሉት ሞኒተሮች ሲነሱ የመድረኩ ጩኸት ይወርዳል። ምእመኑም ስብከቱንና የመዝሙሩን ቃል ጥርት አድርጎ ይሰማል። ስለዚህ ጥቅሙ ለወጣቶቹ ብቻ አይደለም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ገመድ አልባ ማድረግ ግን አያስፈልግም። ድራመሩ፣ ኪቦርዲስቱና ቤዝ ተጫዋቹ ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም። ለእነሱ በገመድ የሚሠራው ይበቃል፤ ዋጋውም በጣም ያነሰ ነው። ገመድ አልባው ለሚንቀሳቀሱት ይቆይ። ሲገዛም ፍሪኩዌንሲው በአገሩ የተፈቀደ መሆኑ ይጣራ።

ሁለት ነገር ያስጠንቅቁልኝ። አንዱ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ አድርገው ሌላውን ክፍት እንዳይተዉ። በክፍቱ ጆሮ የመድረኩ ጩኸት ስለሚገባ የተሸፈነውን ከመጠን በላይ ይጨምሩታል። ክፍት የሚተዉት ሕዝቡ ሲዘምር መስማት ስለሚፈልጉ ነው፤ ይገባኛል። መፍትሔው አንድ ወይም ሁለት ማይክ ወደ ሕዝቡ አዙሮ ድምፁን በጆሯቸው ማስገባት ነው። ሌላው፣ ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚያግድ) ይኑረው። ለጆሮ ጤና ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ገደብ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀረው።

ጥያቄ፦ ድራማችን ሁሉን ይውጣል። መስታወት እናቁምለት?

መልስ፦ መስታወቱ ብቻውን ድምፁን ወደ ድራመሩና ወደ ኋላው ግድግዳ ይመልሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ከኋላና ከላይ ድምፅ የሚውጥ ነገር ካልተደረገበት ገንዘባችሁን አታውጡ። ቀለል ያለ ዱላ ሞክሩ፣ ድራሙን ቃኙት፣ ለድራመሩም ሄድፎን ስጡት። አዳራሹ ትንሽ ከሆነ ኤሌክትሮኒክ ድራም ይሻላል። ድራመሮች ይህን ስል እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ አናሎግ ሚክሰር ወይስ ዲጂታል? ሳውንዱን የሚይዙት በየሳምንቱ የሚቀያየሩ ወጣቶች ናቸው።

መልስ፦ ዲጂታል። ሰው ስለሚቀያየር ነው ዲጂታል የምለው። የተስተካከለውን ሴቭ አድርጎ፣ አንዱ ቢያበላሸው ሌላው ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ለሞኒተር ደግሞ የኦክሱ ብዛት ወሳኝ ነው። 16 ቻናል የሚሉት ትንንሽ አናሎግ ሚክሰሮች አንዳንዴ ሁለት ኦክስ ብቻ አላቸው፤ አንዱ ለኢፌክት ይሄዳል። ቤሪንገር ኤክስ ኤር 18ን የመሰለ ትንሽ ዲጂታል ሚክሰር ስድስት የኦክስ መውጫ አለው። በታብሌት የሚሠራ ከገዛችሁ ግን ለብቻው ራውተር ጨምሩ። ሰው በሞላበት አዳራሽ ሚክሰሩ ውስጥ ባለው ዋይፋይ አልተማመንም።

ጥያቄ፦ ኪቦርዱ «ዝዝዝ» ይላል። አንድ ልጅ የፊሻውን የመሬት እግር ቁረጠው አለኝ።

መልስ፦ እንዳታደርገው! ያ እግር የተሠራው ሰው እንዳይሞት ነው። ዲ አይ ቦክስ (በኪቦርዱና በሚክሰሩ መካከል የሚገባ ትንሽ ሳጥን) ግዛና ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ተጫን፤ እሱ የሚያላቅቀው የድምፅ ኬብሉን መሬት ብቻ ነው። ኪቦርዱንና ሚክሰሩንም ከአንድ የኤሌክትሪክ መስመር አብራቸው።

ጥያቄ፦ ማብሪያውን ስንጫን ስፒከሩ «ዱም!» ይላል። ይጎዳዋል?

መልስ፦ ይጎዳዋል። ሚክሰሩ መጀመሪያ ይብራ፣ ስፒከሮቹ መጨረሻ። ስትዘጉ ስፒከሮቹ ቀድመው ይጥፉ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሞኒተር ብገዛስ? ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ግዛ፣ ግን ሳትሰማው ገንዘብ እንዳትሰጥ። መጀመሪያ በጣም ዝቅ አድርገህ የምታውቀውን መዝሙር ክፈትበት። የተጎዳ ስፒከር ዝቅ ሲል የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ያወጣል። ከዚያ ከፍ አድርገህ ጆሮህን ወደ ሆርኑ (ቀጭኑ ድምፅ ወደሚወጣበት አፍ) ጠጋ አድርግ፤ ቀጭኑ ድምፅ ከሌለ ትዊተሩ ሞቷል። ጃኮቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሰክተህ ኬብሉን ወዝወዝ አድርግ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲሠራ ቆይ፤ ሲግል የሚጠፋ አክቲቭ ሞኒተር አለ። ሻጩ ከቸኮለ ተወው።