«10,000 ዶላር ካላመጣሽ ፈቃድሽ አይታደስም» አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ምግብ አብሳይ ነኝ። የሥራ ፈቃዴ በአሠሪዬ ስም የታሰረ ስለሆነ ሌላ ቦታ መሥራት አልችልም። አሠሪዬ ያገሬ ሰው ነው፤ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። ደመወዜ ባንክ ይገባል፣ ከዚያ ከፊሉን አውጥቼ በካሽ እመልስለታለሁ። በሳምንት 60 ሰዓት እየሠራሁ የኦቨርታይም ሳንቲም አላየሁም። ፈቃዴ ሊያበቃ አራት ወር ቀረው። «ኤልኤምአይኤ እንዳወጣልሽ 10,000 ዶላር አምጪ፣ በሱ ፒአርም (ቋሚ ነዋሪነትም) ታገኛለሽ» ይለኛል። እምቢ ብል ያስባርረኛል? ብከስሰውስ ሀበሻው ምን ይለኛል? ደግሞ መንግሥት ስደተኛ እየቀነሰ ነው ይባላል። ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘቡን አይስጡት። ከሁሉም በፊት ይህን ይያዙልኝ።

አሠሪዎ ሊሸጥልዎ የፈለገው ነገር እጁ ላይ ያለ አይመስለኝም። ኤልኤምአይኤ ማለት አሠሪ «ለዚህ ሥራ ካናዳዊ ፈልጌ አጣሁ» ብሎ ከፌዴራል መንግሥት የሚያገኘው ማረጋገጫ ነው። ማመልከቻው 1,000 ዶላር ያስከፍላል። የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ከሠራተኛው መልሶ መቀበል ክልክል ነው። ከመስከረም 26፣ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የሥራ አጥ ቁጥር 6 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነባቸው ትልልቅ ከተሞች ለዝቅተኛ ደመወዝ ሥራ የሚቀርብ ኤልኤምአይኤ አይስተናገድም። እንደ ግንባታ፣ እርሻና ሆስፒታል ያሉ ዘርፎች ተለይተው ወጥተዋል፤ ሬስቶራንት ግን የለበትም። ካልጋሪ ገና ከጅምሩ የእነዚህ ከተሞች ዝርዝር ውስጥ ነበረች፣ በ2025ም አልወጣችም። ዝርዝሩ በየሦስት ወሩ ስለሚታደስ ራስዎ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ገብተው ይዩት።

«ደመወዜ ዝቅተኛ አይደለም» ይሉ ይሆናል። ካልጋሪ ባለችበት በአልበርታ ክፍለ ግዛት ከሰኔ 2025 ጀምሮ በሰዓት ከ36 ዶላር በታች የሚከፈልበት ሥራ ሁሉ ዝቅተኛ ነው። ይህን የሚከፍል ወጥ ቤት ካወቁ ለኔም ይንገሩኝ።

ፒአር ያለውም የቆየ ወሬ ነው። በፊት በኤልኤምአይኤ የተደገፈ የሥራ ውል በኤክስፕረስ ኢንትሪ (የፒአር አመልካቾች በነጥብ በሚወዳደሩበት ሥርዓት) 50 ነጥብ ያሰጥ ነበር፤ ለከፍተኛ ሥራ አስኪያጆች 200። ወረቀቱ በጓሮ እንደ ሸቀጥ የተቸበቸበውም በዚህ ነጥብ የተነሳ ነው። መንግሥት መጋቢት 25፣ 2025 ነጥቡን አነሳው። ስለዚህ 10,000 ዶላር ቢከፍሉ፣ ምናልባት ለማይወጣ ወረቀት፣ ቢወጣም ነጥብ ለማይጨምር ወረቀት ነው።

«ያስባርረኛል?» ላሉት፣ ከሥራ ሊያባርርዎ ይችላል፤ ከአገር ግን አይችልም። ያ የመንግሥት ሥልጣን ነው። ሥራው ቢቋረጥም ፈቃድዎ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪደርስ አገሩ ውስጥ በሕግ ነው ያሉት። ችግሩ ሌላ ቦታ መሥራት አለመቻልዎ ነው፤ ለእሱም መላ አለው።

ከ2019 ጀምሮ ካናዳ በአሠሪያቸው ለሚበደሉ ሠራተኞች ክፍት የሥራ ፈቃድ ትሰጣለች። ከየትኛውም አሠሪ ጋር ያሠራል፤ ማመልከቻው ክፍያ የለውም። በደል ማለት ዱላ ብቻ አይደለም። ደመወዝን በካሽ ማስመለስ፣ ኦቨርታይም መከልከል፣ ለወረቀት ገንዘብ መጠየቅ፣ «አስባርርሻለሁ» እያሉ ማስፈራራት፣ ሁሉም ይገባበታል። ማመልከቻውን የሚያየው የኢሚግሬሽን መኮንን የሚፈልገው በደሉ መድረሱን ለማመን በቂ ምክንያት ነው፤ ፍርድ ቤት የሚጠየቀውን ዓይነት ማስረጃ አይደለም። አሠሪዎ እስኪቀጣ መጠበቅም የለብዎትም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርዎ። ማመልከት ያለብዎ ፈቃድዎ ሳያበቃ ነው። ቀኑ ካለፈና እድሳት ካላመለከቱ ይህ በር ይዘጋል። አራት ወር ረጅም ይመስላል፤ «ዛሬ ነገ» ሲባል ግን ያልቃል።

ማስረጃውን ከዛሬ ጀምረው ይሰብስቡ። የባንክ ስቴትመንትዎን ያውጡ። ደመወዝ በገባ በማግስቱ ተመሳሳይ መጠን በካሽ መውጣቱ በየወሩ ከታየ ብዙ ይናገራል። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የፈረቃ ሠሌዳ በስልክዎ ያንሱት። የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በደብተር ይጻፉ። በስልክ የላከልዎ መልእክት ካለ፣ በተለይ የድምፅ መልእክት፣ አያጥፉት። እርስዎ ራስዎ ያሉበትን ንግግር መቅዳት በካናዳ የወንጀል ሕግ ክልክል አይደለም። ሁሉንም እሱ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። ፓስፖርትዎ እሱ ጋ ከሆነም ይቀበሉት፤ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት የመያዝ መብት የለውም።

ሲጽፉ ደግሞ እውነቱን ብቻ። ቀን፣ መጠን፣ የተባለው ነገር። እንዲያሳዝን ብለው አይጨምሩበት። ሐሰት የተገኘበት ማመልከቻ ለአምስት ዓመት ከካናዳ ያሳግዳል። እርስዎ በእርግጥ እየሠሩ ገንዘብ የተወሰደብዎ ሰው ስለሆኑ ተበዳይ ነዎት። ሥራ በሌለበት ወረቀት ብቻ የገዛ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እንደዚያ ዓይነት ነገር ካለ ፎርም ከመሙላትዎ በፊት ለጠበቃ ይንገሩ።

የኦቨርታይሙ ጉዳይ የአልበርታ ሕግ ነው። በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ44 ሰዓት በላይ የተሠራ በአንድ ተኩል ይከፈላል። በሳምንት 60 ከሠሩ ቢያንስ 16ቱ ሰዓት ኦቨርታይም ነው። አቤቱታው የሚቀርበው እየሠሩ ሳሉ ወይም ሥራ ባቆሙ በ6 ወር ውስጥ ነው።

አሁን ወደ «ሀበሻው ምን ይለኛል» ልምጣ። ከሕጉ ይልቅ ይህ እንደሚከብድዎ ገብቶኛል። ምናልባት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ትገናኛላችሁ፣ ልጁን ክርስትና ሲያነሳ ወይም ሲድር ተጠርተው ይሆናል። ክስ የሚል ቃል ሲሰማ ሽማግሌ እንደሚላክብዎም እገምታለሁ። ካናዳ በ1971 የብዝኃ ባህል ፖሊሲ አወጀች፣ በ1988 ሕግ አደረገችው። በቋንቋዎ ይናገሩ፣ በባህልዎ ይኑሩ ማለት ነው። ያገር ልጅ ያገሩን ልጅ ከደመወዝ ሕጉ በታች ያሠራው ማለት ግን አይደለም። አልበርታ ውስጥ ሠራተኛ «መብቴን ትቻለሁ» ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም፤ ሽማግሌ ፊት ቢሆንም ያው ነው። ሽምግልናን አልንቅም። ገንዘብዎን የሚያስመልስ ከሆነ ይቀመጡ። ግን ማመልከቻው ከገባ በኋላ ይሁን። «እስቲ ከበዓሉ በኋላ እንነጋገር» እየተባለ የፈቃዱ ቀን ያለፈበት ሰው ምንም የሚደራደርበት አይቀረውም።

ለነገሩ የሚያስፈራው እሱን ነው መሆን ያለበት። ከሠራተኛ የቅጥር ገንዘብ መቀበልም ሆነ አቤት ያለን ሠራተኛ መበቀል ከ2022 ጀምሮ በግልጽ ተከልክሏል። ቅጣቱ ለአንድ ጥፋት እስከ 100,000 ዶላር ሊደርስ፣ የውጭ ሠራተኛ ከመቅጠርም ሊያሳግድ ይችላል።

መንግሥት እየቀነሰ ነው ያሉት እውነት ነው። ለ2025 ታቅዶ የነበረው 500,000 ቋሚ ነዋሪ ወደ 395,000 ወርዷል። የቤት ኪራዩና የሥራ አጡ ቁጥር ሲንር ፖለቲካው ዞረ። እኔን ከጠየቁኝ ቁጥሩን መቀነሳቸው ሊያከራክር ይችላል፣ ሠራተኛን በአንድ አሠሪ ስም ማሰሩን አለመተዋቸው ግን የበደሉን ሥር አልነካውም።

አንድ ነገር ግን ይወቁ፤ ክፍቱ ፈቃድ ፒአር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ነው፤ እየታደሰ እንዲቀጥል የታሰበም አይደለም። ሆኖም ምግብ አብሳይ ለካናዳ የሥራ ልምድ መደብ (ካናዳ ውስጥ በሠሩት ሥራ ፒአር ለሚጠየቅበት መንገድ) ከሚበቁት ሙያዎች አንዱ ነው። በሕጋዊ ፈቃድ የሠሩት አንድ ዓመት ይቆጠርልዎታል። የወጥ ቤት ረዳት ግን አይቆጠርም፤ ስለዚህ የሥራ ደብዳቤዎና የደመወዝ ደረሰኝዎ ሙያዎን ምን ብለው እንደሚጠሩት አሁኑኑ ይዩ። የእንግሊዝኛ ፈተናውንም አያሳድሩት።

ወረቀቱን ያለ ክፍያ የሚረዳ ወዳጅ ካለ ጥሩ። በክፍያ ከሆነ ግን ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የተመዘገበ የኢሚግሬሽን አማካሪ ይሁን፤ «ፎርም እሞላለሁ» የሚል ሁሉ በሕግ ማስከፈል አይችልም።

ባለቤትዎ ወይም ልጆችዎ ካናዳ ውስጥ አብረውዎ ካሉ እነሱም በዚሁ መንገድ ክፍት የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ስለሚችሉ የእነሱን ማመልከቻ ከእርስዎ ጋር አብረው ያስገቡ።