ፕሮቲንም ናይለንም የአሚድ ትስስር (ካርቦንን ከናይትሮጅን የሚያገናኝ፣ -CO-NH- የሚል ትስስር) ካላቸው ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ልዩነቱ ትስስሩ ላይ አይደለም፤ የሰንሰለቱ ቅደም ተከተልና ርዝመት ላይ ነው። ሁለቱም የአሚድ ትስስር አላቸው ማለትህ ልክ ነው።

ከፕሮቲኖች የሰውን ኢንሱሊን ውሰድ። 51 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ 21ዱ በአንዱ ሰንሰለት፣ 30ዎቹ በሌላው። የትኛው የት እንደሚገባ የሚወስነው ዲኤንኤ ነው። ስለዚህ አንዱ ሞለኪውል ከሌላው አይለይም፤ ሞለኪውላዊ ክብደቱም 5808 ገደማ ነው። ተጣጥፎ ትክክለኛ ቅርጹን የሚይዘውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ናይለን 6,6 ላይ ግን ሁለት ሞኖመሮች (ሰንሰለቱ የሚገነባባቸው ትናንሽ ሞለኪውሎች) ብቻ ይፈራረቃሉ። አንዱ ሰንሰለት አጭር፣ ሌላው ረጅም ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ክብደቱ በአማካይ የሚነገረው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ተማሪዎች ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ስህተት፣ ይህን የፕሮቲን ቋሚ ርዝመት ለተፈጥሮ ፖሊመር (ከሞኖመሮች የተያያዘ ረጅም ሰንሰለት) ሁሉ እንደሚሠራ መውሰድ ነው። የስታርችና የሴሉሎስ ሰንሰለቶች እኮ ርዝመታቸው ይለያያል! ፈተና ላይ "ፕሮቲን" ብለህ ለይተህ ጻፍ።