ልብ የሚያመው ሰው ቦርጩን ቢያስመጥጥስ? ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ የምሠራ የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ሰሞኑን ስለ ሊፖሰክሽን (ስብን በቱቦ ስለ ማስመጠጥ) የሚጠይቀኝ ስለበዛ፣ በተለይ የልብ ሕመም ያለባችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ በልጅነቴ ቶንሲል ልቤን ጎድቶት አንዱ የልቤ በር ጠቧል። ለሱም የወር መርፌ እወጋለሁ። ከወለድኩ ወዲህ ሆዴ አልገባ አለኝ። ባስመጥጠው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰው የሚፈራው መቆረጡን ነው። ቁስሉ እኮ የጥቂት ሚሊ ሜትር ነገር ነው። ላንቺ የሚያሰጋው ስቡ ከመመጠጡ በፊት ከቆዳ ሥር የሚሞላው ውኃ ነው። ጨዋማ ፈሳሽ ከሊዶኬይን (ከማደንዘዣ መድኃኒት) እና ከአድሬናሊን ጋር ተቀላቅሎ በሊትር ይገባል። ከስቡ ጋር ተመልሶ የሚወጣው ከፊሉ ነው፤ ቀሪው ቀስ እያለ ወደ ደም ይሰርጋል። አድሬናሊኑ ደግሞ የልብ ምት ያፈጥናል። የጠበበ በር ያለው ልብ ደም ለማሳለፍ ጊዜ ይፈልጋል። ሲሮጥ ጊዜው ያጥርበታል፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ በሩ ምን ያህል እንደጠበበ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሳይታይ፣ የልብ ሐኪምሽም ሳይፈቅድ አትሞክሪው። በጣም ከጠበበ የኔ መልስ አጭር ነው፦ ይቅርብሽ።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ ልቤ ላይ ስቴንት (የጠበበ የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ከገባልኝ አራት ወሬ ነው። ክሊኒኩ ደም ማቅጠኛህን ለሳምንት አቁም አለኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳታደርገው! መድኃኒቱን ያዘዘልህ የልብ ሐኪም ሳያውቅ ካቆምክ ስቴንቱ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል፤ ያ ማለት የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ጥቃት ነው። ቦርጭ የትም አይሄድም፣ ይቆይ።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ እኔን እንኳ አያስተኙኝም፣ ቦታውን ብቻ ነው የሚያደነዝዙት። ታዲያ ምን ያሰጋል?

መልስ፦ አለመተኛትሽ ጥሩ ነው። ግን ሊዶኬይኑ ብዙ ነው። የተለመደው ጣሪያ በኪሎ 35 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነች ሴት 2100 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ደም ውስጥ ከፍ ብሎ የሚያሰጋውም ከተሰጠሽ 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው፤ ማለትም ቤትሽ ገብተሽ፣ ሌሊት። ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚዮዳሮን የሚባሉትን የልብ መድኃኒቶች የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ጉበት ሊዶኬይኑን ቶሎ አያስወግደውም። የምትውጪውን ሁሉ ንገሪያቸው። አፍረሽ አትደብቂ።

ጥያቄ (ደጀን)፦ ደም ግፊት ብቻ ነው ያለብኝ፣ በመድኃኒት ተስተካክሏል። ዕድሜዬ 52 ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ሌላ ችግር ከሌለ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ይነሱ፣ መጠኑም አነስተኛ ይሁን። ከ5 ሊትር በላይ ማውጣት ለጤነኛም ከባድ ነው።

ጥያቄ (ዳንግላ)፦ ስቡ ሲወጣ ለልቤም አይጠቅመኝም?

መልስ፦ አይጠቅምም። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ፦ 15 ወፍራም ሴቶች በዚህ መንገድ ወደ 10 ኪሎ ስብ ወጣላቸው፤ ከሳምንታት በኋላ ሲለኩ ግፊቱም፣ ስኳሩም፣ ኮሌስትሮሉም ያው ነበር። ልብን የሚጎዳው አንጀት ዙሪያ ያለው ስብ ነው፤ እሱን ቱቦው አይደርስበትም።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ አዲስ አበባ ተሠርቼ በማግስቱ በአውቶቡስ ብመለስስ?

መልስ፦ ተይ እባክሽ። ዓባይን ወርዶ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል። ሐኪሙ ሂጂ እስኪልሽ እዚያው ዘመድ ጋ ቆዪ። አንዱ ባትሽ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሞጣም ብትሆኚ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ሂጂና መሠራትሽን መጀመሪያ ተናገሪ።