ለ4ኬ ኤዲቲንግ ኮምፒውተር ከመግዛትህ በፊት የካሜራህን ፋይል እይ

ሰላም ወንድሜ። «በሶኒ ኤ7 4 ሰርግ እቀርጻለሁ፤ 16 ጂቢ ራም ያለው ያገለገለ አይ7 ላፕቶፕ አግኝቻለሁ፤ በፕሪሚየር 4ኬ ኤዲት ለማድረግ ይበቃኛል?» ብለህ ለጠየቅከው፣ እኔ ከኪሴ ከፍዬ የተማርኩትን ልንገርህ።

«አይ7» የሚለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ብቻውን ምንም አይነግርህም። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እይ። 7700ኤችኪው ከሆነ 7ኛ ትውልድ ነው፤ 12450ኤች ያለው አይ5 ደግሞ 12ኛ ትውልድ ሆኖ ያንን አይ7 ጥሎት ይሄዳል። ላንተ ካሜራ ግን ትውልዱ ከፍጥነትም በላይ ሌላ ጣጣ አለው።

ካሜራህ በኤክስኤቪሲ ኤችኤስ (ሶኒ ኤች265 ለሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ የሰጠው ስም)፣ 4ኬ 50 ፍሬም፣ 4:2:2 10 ቢት (ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ ቀረጻ) ሲቀርጽ በሰከንድ 200 ሜጋቢት ይጽፋል፤ በሰዓት 90 ጂቢ ገደማ ማለት ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ ለዚያ ጥራት በጣም የታመቀ ነው። ሙሉ ምስል የሚቀመጠው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ በመሃል ያሉት ፍሬሞች ከጎረቤታቸው የተለወጠውን ብቻ ይይዛሉ። ታይምላይኑን ወደ ኋላ በጎተትክ ቁጥር ኮምፒውተሩ ያንን እየፈታ ምስሉን እንደ አዲስ ይገነባል። ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ክፍል ቺፑ ውስጥ ካለ ችግር የለም፤ ከሌለ ሸክሙ ሁሉ ሲፒዩው (ዋናው ፕሮሰሰር) ላይ ወድቆ ስታክ ያደርጋል።

እኔ የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው። ዴስክቶፕ ሳስገጥም አይ7-12700ኤፍ ከኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ ጋር ወሰድኩ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤፍ» ዋጋውን ትንሽ ስለቀነሰችልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የጥር ሰርጎች ተደራረቡ። የመጀመሪያውን ቀረጻ ስከፍት ሙሽራዋ ከመኪና ልትወርድ እግሯን አንስታ ቀረች። ታስክ ማናጀር ውስጥ ሲፒዩው 100 ፐርሰንት፤ የተመካሁበት ካርድ ግን ተኝቷል! ለካ ኤፍ ማለት ቺፑ ውስጥ የሚኖረው የኢንቴሉ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው። 4:2:2 ኤች265ን የሚፈታው ደግሞ እሱ ነው፣ ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ። የኤንቪዲያ 30 እና 40 ካርዶች 4:2:2 አይፈቱም፤ በ50ዎቹ ነው የመጣው። ካርዱ ለከለርና ለኤፌክት ይጠቅማል፣ እሱን አልክድም።

ያን ጥር በፕሮክሲ፣ ማለትም ለኤዲቲንግ ብቻ በሚሠራ ቀለል ያለ የፋይሉ ቅጂ ተረፍኩ። ማታ እንዲሠራ ትቼው እተኛለሁ፤ መብራት ከሄደ ጠዋት ግማሽ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ ኤፍ በሌለው 12700 ቀየርኩ። ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ሴቲንግ) ውስጥ የኢንቴሉን ግራፊክስ አብርቼ፣ ፕሪሚየርም እሱን እንዲጠቀም ሳደርግ፣ በዚያው ማዘርቦርድና በዚያው ካርድ ሌላ ማሽን ሆነልኝ።

ስለዚህ ያገኘኸው ላፕቶፕ 11ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የራም ማስገቢያው ተጨማሪ የሚቀበል መሆኑን አይተህ ውሰድ፤ 32 ማድረስህ አይቀርም። ከዚያ በታች ከሆነ በፕሮክሲ ካልሆነ አትሞክረው። ማክ ከቀናህ ኤም1 ቺፕ ያለው እንኳን ይህን ፋይል ይፈታል፣ ግን ራሙ ኋላ ስለማይጨመር 8 ጂቢ ያለውን ተወው።

ዲስክ ላይ ብዙ አትጨነቅ፤ 200 ሜጋቢት ማለት 25 ሜጋባይት ነው፣ ለአንድ ካሜራ ተራ ሃርድ ዲስክም ይችለዋል። ሁለት ሦስት ካሜራ አንድ ላይ ስታጫውት ነው ኤስኤስዲ የግድ የሚሆነው። 512 ጂቢ ደግሞ ሰርጉና መልሱ ብቻ ይሞሉታል።

ከመክፈልህ በፊት የራስህን ቀረጻ በፍላሽ ይዘህ ሂድና እዚያው ታይምላይን ላይ ጎትተው። አንድ ባለሱቅ «ዩቲዩብ በ4ኬ እያጫወተ አይደል እንዴ?» ብሎኝ ነበር። እሱማ ከ4:2:2 ያነሰ ቀለም የሚይዘው 4:2:0 ነው፣ ስልኬም ያጫውተዋል።

የላፕቶፑን ሙሉ ቁጥር እዚሁ ጻፍልኝ፣ አይልሃለሁ።