ከመስቀል በኋላ የተገረዘው ጽጌረዳ

ጥያቄ፦ ከደሴ በላይ፣ ጦሳ ተራራ ወገብ ላይ ነው የምኖረው። ኮምቦልቻ ያለው ልጄ አምና አሥራ ሁለት እግር ጽጌረዳ አምጥቶ ተከለልኝ። እሱ እንዳሳየኝ ዘንድሮ መስቀል እንዳለፈ ገረዝኩት፣ ትኩስ የላም ፍግም ከሥሩ አደረግሁበት። ወዲያው ለምለም ቅጠል አወጣ። ኅዳር ላይ ግን በአንድ ሌሊት እሳት የላሰው መስሎ ጠቆረ። ጎረቤቴ ተባይ ነውና መድኃኒት ርጪበት ትለኛለች። ልርጭ ወይ? አሪቲና ጤና አዳምስ አጠገቡ ብተክል ይጎዳዋል?

መልስ፦ እናቴ፣ የመድኃኒቱን ገንዘብ ለሌላ ያውሉት። ተባይ ማሳ ሙሉ ጽጌረዳ በአንድ ሌሊት አያጠቁርም፤ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ጥቃቅን ተባይ ቢሆን ኖሮ ቅጠሉን ሲገለብጡት በዓይንዎ ያዩት ነበር። የመታው ውርጭ ነው።

ልጅዎንም አይቆጡት። ለኮምቦልቻ ምክሩ ልክ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ እርስዎ ደግሞ ከዚያም በላይ ነዎት። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። መንገዱ ለታክሲ አጭር ነው፤ ለጽጌረዳ ግን ሌላ አገር ነው።

ጽጌረዳ ሲገረዝ የተኛው ዓይኑ፣ ማለትም አዲስ ቅርንጫፍ የሚወጣበት እንቡጡ፣ ይነቃል። በጥቅምት ያነቁት ዓይን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ገና ለጋ ነው፤ ውሃ የሞላው ለጋ ቅጠል ሰማዩ በጠራ ሌሊት ይበርድና ይፈነዳል። ትኩሱ ፍግ ደግሞ ይበልጥ አለሰለሰው። ሳይነካ የከረመ፣ ቅርንጫፉ የጠነከረ ጽጌረዳ ቢሆን ያንኑ ውርጭ ችሎ ባለፈው ነበር። በደጋው አጥር ላይ ያለውን ቀጋ ይዩት፤ እሱም የጽጌረዳ ዘመድ ነው፣ ያውም የአገራችን ተወላጅ፤ መቀስ የሚያስቸኩለው ስለሌለ ጊዜውን ጠብቆ ያብባል።

አሁን ምንም አይቁረጡ። የጠቆረው ቅጠል ቢያስጠላም ከሥሩ ላሉት ዓይኖች ልብስ ነው። ጥር ሲያልቅ፣ የበልግ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ ቅርንጫፉን በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት፤ አረንጓዴ ከሆነ ሕያው ነው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። ሕያው እስኪያገኙ ድረስ ወደ ታች ይውረዱና ወደ ውጭ ከሚያይ ዓይን የግማሽ ጣት ውፍረት ያህል ከፍ ብለው ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ። ማጭድ አይሆንም፤ እንጨቱን ይቀጠቅጠዋል። የሰላ መቀስ ከጎረቤት ይዋሱ። ፍጉንም ያኔ ይስጡት፣ ግን ቢያንስ ሦስት ወር ተከምሮ የበሰለውን። ከመስከረም በኋላ እስከ ጥር መጨረሻ ግን ፍግም ዩሪያም አይንኩ። ለመስቀል የደረሰ አበባ ቢኖር አበባውን ብቻ ከአጭር አገዳ ጋር ይቅጠፉ፣ ያ አይጎዳውም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ከጽጌረዳው በታች በኩል የድንጋይ ካብ አለ? ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ካብ ሲያግደው እዚያው ይተኛል። በእርከን ላይ ካየኋቸው አትክልቶች በብዛት የሚመታው ከካቡ ጥግ ያለው ነው። ካለ፣ አንድ ክንድ የሚያህል በር ይክፈቱለት። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ፀጥ ካለ ያ ሌሊት አደገኛ ነው፤ በዚያ ቀን እኩለ ቀን ላይ አፈሩን ያጠጡት፣ እርጥብ አፈር የፀሐይን ሙቀት ይዞ ያመሻል። ማታ በእንጨት ላይ ጆንያ ይዘርጉበት፣ ፀሐይ ስትወጣ ያንሡት። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ ግን ከምንም አይሻልም።

ለነፋስ መከላከያ ባሕር ዛፍ ለመትከል አስበው ከሆነ ይተዉት፤ የጽጌረዳውን ውሃ ይጠጣበታል። ቀጋ ይበልጣል።

አሪቲና ጤና አዳም ጽጌረዳውን አይጎዱትም፤ እሱ የሚፈልገውን ያህል ውሃ ግን አይወዱም። ሁለት ክንድ ያህል ራቅ አድርገው፣ ውሃ በማይተኛበት ከፍ ያለ መደብ ላይ ይትከሏቸው። ለቡና ጤና አዳም ሲቀጥፉ ፀሐይ ሳይበረታ፣ እጅዎን ሸፍነው ይሁን፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃም ያስቋጥራል።