ጥያቄና መልስ፦ የሞባይል ድምፅ፣ አናሎግና ዲጂታል

ጥያቄ፦ በድሮዎቹ አናሎግ ሞባይሎች የሰው ድምፅ ለዛውን እንደጠበቀ ይሰማ ነበር ይባላል። በዲጂታል ግን አንዳንዴ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፣ ቃልም ይዋጣል። ዲጂታል ይሻላል ከተባለ ይህ ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦ ቅሬታው መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ ውስጥ አገልግሎት የጀመረው የአናሎግ ሞባይል ድምፅን የሚልከው እንደ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ነበር። ሲግናሉ ሲደክም ሽሽታው ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ጆሮ ደግሞ በሽሽታ መሃል ንግግር መለየት ይችልበታል።

ጂኤስኤም (GSM) የተባለው ዲጂታል የሞባይል ሥርዓት ግን ንግግሩን በ20 ሚሊሰከንድ ቁራጭ እየከፋፈለ ይጨምቀዋል። በመደበኛ የዲጂታል ስልክ መስመር በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚይዘው ድምፅ በመጀመሪያው የጂኤስኤም ኮዴክ (ድምፁን ጨምቆ መልሶ የሚፈታው ዘዴ) ወደ 13 ኪሎቢት ይወርዳል። ይህ የሚቻለው ኮዴኩ የተሠራው ለሰው ንግግር ስለሆነ ነው፤ መስመር ሲያስጠብቁን የሚለቀቀው ሙዚቃ የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ቁራጭ መንገድ ላይ ከተበላሸ ስልኩ ያለፈውን ይደግመዋል፤ የቆርቆሮው ድምፅ አንዱ መነሻ ይህ ነው። ብልሽቱ ከቀጠለ ድምፁን እያደከመ ሄዶ ከሰከንድ ሲሶ ገደማ በኋላ ጸጥ ያደርገዋል። ቃሉ የተዋጠው ያኔ ነው።

ሲግናል በደንብ በሚገኝበት ቦታ ግን ዲጂታሉ ያለጥርጥር ይበልጣል፦ ሽሽታ የለውም፣ እንደ አናሎጉም ማንም ሰው ተራ መቀበያ ይዞ አያዳምጠውም።

ጥያቄ፦ የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ሆኖ ድምፁ ቢበላሽስ?

መልስ፦ ምልክቱ የሚያሳየው ጉልበቱን እንጂ ጥራቱን አይደለም። የሌላ ማማ ሞገድ ሊገባበት ይችላል። ተጠቃሚ ሲበዛም ኔትወርኩ በሰከንድ 5.6 ኪሎቢት ብቻ ወደሚጠቀም ኮዴክ ሊያወርደዎት ይችላል፤ በአንዱ ቦታ ሁለት ሰው ይስተናገዳል፣ ድምፁ ግን ይጎዳል።

መጀመሪያ በስልክዎ ሴቲንግ፣ በሞባይል ኔትወርክ ሥር ቮልቲ (VoLTE፣ ጥሪን በፎርጂ የሚያስኬደው) የሚለውን ያብሩ። በፎርጂ የሚሄደው ሰፊ ድምፅ ከ50 እስከ 7,000 ሄርዝ ይይዛል፤ ጠባቡ፣ ማለትም የተለመደው የስልክ ድምፅ፣ ከ300 እስከ 3,400 ብቻ ነው። በጠባቡ «ሰ» እና «ፈ» የሚምታቱት ልዩነታቸው በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆነ ነው። ሰፊውን ለማግኘት የሁለታችሁም ስልክና ኔትወርክ የሚደግፈው መሆን አለበት።

ካልተሻሻለ ከቆሙበት አንድ ስንዝር ያህል ፈቀቅ ይበሉ። በ900 ሜጋ ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ሲግናል የሚሞትበትና የሚጎላበት ቦታ በጣም ይቀራረባል።

የታፈነው የእርስዎ ድምፅ ከሆነ በስልኩ መቅጃ ይቅዱና ያድምጡ። ቅጂው ራሱ ከታፈነ ችግሩ ማይኩ ጋ ነው፦ ሽፋኑን አውልቀው ከታች ያለውን ቀዳዳ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ። መርፌ አያስገቡ፣ ውስጡን ይበሳዋል። ከላይ ወይም ከጀርባ ያለችውንም ትንሽ ቀዳዳ በጣት አይሸፍኑ፤ በብዙ ስልኮች የአካባቢውን ጫጫታ ለይቶ የሚቀንሰው ሁለተኛው ማይክ እዚያ ነው።