ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በሽታው ከሽንት ቤት መቀመጫው አልመጣም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ለሥራ ውጭ አገር ከመጣሁ ስድስት ቀኔ ነው። ሽንት ቤታቸውን ልለምደው አልቻልኩም። ውሃ የለም፣ ሶፍት ብቻ ነው። መቀመጫው ላይ ስንት ሰው እንደተቀመጠ ሳስብ ይዘገንነኛል፤ ስለዚህ ሳልነካው ከፍ ብዬ ነው የምሸናው። የቧንቧው ውሃ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ እነሱ ግን ይጠጡታል። ሽንት ቤት ላለመመላለስ ብዬ ውሃ መጠጣት ቀንሻለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ሆዴ ደርቋል። ከትናንት ወዲህ ሽንቴ ያቃጥለኛል፣ ቶሎ ቶሎም ይመጣብኛል። ከመቀመጫው የአባላዘር በሽታ ይዞኝ ይሆን? ሻንጣዬ ውስጥ የነበረ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ሁለት ፍሬ ወስጃለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልብዎ ይረፍ። የጻፉልኝ ስለ ማቃጠሉ ቢሆንም እንቅልፍ የነሳዎት መቀመጫው እንደሆነ ይገባኛል። ጨብጥም፣ ቂጥኝም፣ ኤች አይ ቪም ከሽንት ቤት መቀመጫ አይያዙም። ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው ስለሚያስጨንቅ ትንሽ ላብራራው። የጨብጥ ባክቴሪያ መኖር የሚችለው ሙቀትና እርጥበት ባለው የሰውነት ክፍል ውስጥ ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ ነገር ላይ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ኤች አይ ቪም ከሰውነት ሲወጣ አቅም ያጣል። መቀመጫውን የሚነካው ደግሞ የጭንዎ ቆዳ ነው፤ ያልቆሰለ ቆዳ እነዚህን አያስገባም። ሰው ከመቀመጫው ይሸሽና የበሩን እጀታ ጨብጦ፣ እጁን በወጉ ሳይታጠብ ይበላል። የሆድ በሽታ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። በሳሙናና በውሃ 20 ሰከንድ ይታጠቡ። የእጅ ጄል አንዳንዶቹን ተቅማጥ የሚያመጡ ቫይረሶች በደንብ አይገድልም። ከመቀመጫው ውጭ ሌላ የሚያሳስብዎ ነገር ካለ ግን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ አብሮ ይመረመራል።

ታዲያ ማቃጠሉ ከየት መጣ? ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው፣ ጭንዎ እየተንቀጠቀጠ ሲሸኑ ፊኛን የሚይዘው ጡንቻ አይላላም። ሽንቱ ተሟጦ አይወጣም። ሙሉ በሙሉ ቁጢጥ ቢሉ ችግር የለውም፤ የሚጎዳው መሃል ላይ መንጠልጠሉ ነው። ውሃ ሲቀንሱ ደግሞ ባክቴሪያውን አጥቦ የሚያወጣው ሽንት ያንሳል። የደረቀው ሆድም ፊኛውን ይጫነዋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይመስለኛል። በሴቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ በትክክለኛው መድኃኒት በቀላሉ ይድናል።

ሲፕሮው ግን አሳዝኖኛል። ለምን? ሳይመረመሩ ሁለት ፍሬ መዋጥ ባክቴሪያውን በቅጡ አያጠፋውም፤ የሽንት ምርመራውን ውጤት ግን ያዛባል። ሲፕሮ ጅማት ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ነው፤ ለቀላል የፊኛ ኢንፌክሽን ቀድሞ የሚታዘዝ አይደለም። ከሻንጣ አንስቶ የሚዋጥ ነገር አይደለም፣ እህቴ! ዛሬውኑ ይመርመሩ። ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ፤ መቼና ስንት እንደወሰዱ ይናገሩ። እርግዝና ከጠረጠሩ መጀመሪያ እሱን ይንገሯቸው።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከጎድን በታች ጀርባዎ ላይ ህመም ወይም ማስታወክ ከመጣ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። "ሲነጋ አየዋለሁ" አይበሉ። የማያውቁት አገር ነው፣ ቋንቋውም ያስቸግራል፤ ይገባኛል። ቢሆንም ይሂዱ።

የአገሬው ሰው የሚጠጣው ከሆነ ውሃውን ይጠጡ። በረኪና በረኪና የሸተተዎ ክሎሪን ነው፤ ጀርሙን የሚገድለው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ በሊትር እስከ 5 ሚሊ ግራም ይፈቅዳል። ሽታው ካስጠላዎ በጆግ ቀድተው ለጥቂት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ክፍቱን ያቆዩት፤ ይቀንሳል። ሲቀዱት ወተት መስሎ ከታች ወደ ላይ ከጠራም አየር ነው፣ አይፍሩት። ነዋሪዎቹ ራሳቸው የማይጠጡት ውሃ ግን ቢጠራም አይታመንም። 1 ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆኑ 3 ደቂቃ። በረዶውም ከዚያው ውሃ ነው፤ ጥርስም በእሱ አይቦረሽም።

ሽንትዎ ነጣ እስኪል ይጠጡ። ስለ ድርቀቱም ለሐኪሙ ይንገሩ። ከቁርስ በኋላ አንጀት ስለሚነቃ ያኔ ሳይቸኩሉ ሽንት ቤት ይግቡ። መቀመጫውን በሶፍት ጠርገው ሙሉ ክብደትዎን ጥለው ይቀመጡ፤ እግርዎን ዝቅ ያለ ነገር ላይ ቢያሳርፉ ይቀልዎታል። ሲጠርጉ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ። ያለ ውሃ አልሆን ካለዎ ትንሽ ጠርሙስ ሞልተው ይዘው ይግቡ።